የቆመ ደን እና ራሱን የሚተካ ደን፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት ከቆጠራ ወደ ሂደት ያደረገው ጉዞ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በገሳይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚዘልቀውን መንገድ የሚከተል ተጓዥ በግራም በቀኝም የሚያየው በአብዛኛው የእርሻ ማሳ፣ የግጦሽ መሬትና በየመንደሩ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ደጋማ ምድር ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ሎልን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ተሰባስበው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ከሩቅ ሲታዩ በማሳ ባሕር መካከል የተበተኑ ጥቁር አረንጓዴ ደሴቶችን ይመስላሉ። ለአካባቢው ሰው የቤተ ክርስቲያን መለያ ናቸው፤ ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ደግሞ ከቀድሞው የደጋ ደን የተረፉ፣ በብዙ ቦታ ተደጋግመው የሚገኙና ሊነጻጸሩ የሚችሉ የጥናት ሥፍራዎች ናቸው።

እነዚህ ደኖች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የበርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ርእሰ ጉዳይ ሆነዋል። የጥናቶቹ ጉዞ በቅደም ተከተል ሲታይ አንድ ግልጽ የጥያቄ ለውጥ ይስተዋላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «በደኑ ውስጥ ምን አለ?» የሚል ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው «በደኑ ውስጥ ያለው ራሱን ይተካልን?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም የሚሰጡት መልስ ግን እርስ በርሱ ሊጋጭ ይችላል፤ በዝርዝር የበለጸገ ደን በተተኪ የደኸየ ሊሆን ይችላልና። ይህ ጽሑፍ የጥያቄው ለውጥ እንዴት እንደመጣ፣ ምን እንደገለጠና በአሁኑ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

ደኖቹ ለምን ተረፉ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ፣ ቅጥሩና በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ አንድ ቅዱስ ሥፍራ ናቸው። ዛፉ ለቤተ መቅደሱ እንደ ልብስ ይቆጠራል፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥም ያስወግዛል። ከዚህ መንፈሳዊ ትርጉም ጎን ለጎን ደኑ የዕለት ተዕለት አገልግሎትም አለው። የአብነት ተማሪዎች ጎጆ የሚቀልሱት በዚያ ነው፤ ሰንበቴና ማኅበር በጥላው ሥር ይበላል፤ ሙታንም በዚያው ያርፋሉ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደን ሰው ያልደረሰበት ደን አይደለም። ሰው የሚጠብቀውም ሰው የሚጠቀምበትም ደን ነው።

የጥበቃው ጥንካሬ በታሪካዊ ማስረጃ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአየር ላይ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከቅርብ ዓመታት የሳተላይት ምስሎች ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የደኖቹ ወሰን በሚያስደንቅ ሁኔታ ጸንቶ እንደቆየ አሳይቷል። ሥርዓተ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ የመሬት ሥሪት ሲቀየር፣ ረሃብና ጦርነት ሲፈራረቁ የደኖቹ ዙሪያ በአመዛኙ አልፈረሰም። ይሁን እንጂ ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ቀድሞ በደኖቹ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦና የተበታተነ ዛፍ በብዙ ቦታ ጠፍቶ ማሳው እስከ ደኑ ጠርዝ ደርሷል።

ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። ቁጥቋጦው ነፋስንና ፀሐይን የሚያበርድ፣ ዘር የሚያዛምቱ ወፎች የሚያርፉበት፣ ችግኝም የሚጠለልበት መሸጋገሪያ ነበር። መሸጋገሪያው ሲጠፋ የደኑ ጠርዝ እንደ ግድግዳ የተቆረጠ ይሆናል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ ከብቱም ያለ እንቅፋት ይገባል። ከአየር ላይ ሲታይ የደኑ ስፋት እንደ ቀድሞው ነው። በውስጡ እየሆነ ያለውን ለማወቅ ግን ምስል አይበቃም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

በቆጠራ የተጀመረው ጥናት

ዕፅዋትን ለመቁጠር አስቀድሞ ስማቸውን ማወቅ ግድ ነው። በኢትዮጵያ ይህን መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ሙዚየም፣ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ተቋማት የተባበሩበት ይህ ሥራ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን በመለያ ቁልፍና በመግለጫ አደራጅቷል። ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ ከደብረ ታቦር አካባቢ ያመጣውን ደረቅ ቅርንጫፍ በሙዚየሙ ካለው ናሙና ጋር አስተያይቶ ስሙን የሚያረጋግጠው በዚያ የሦስት ዐሥርት ዓመታት ድካም ላይ ቆሞ ነው።

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ በስፋት ከሚጠቀሱት ሥራዎች ግንባር ቀደሞቹ የዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ጥናቶች ናቸው። በ«እመጓ» መጽሐፉ በብዙ አንባቢ ዘንድ የታወቀው ይህ የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ የማስተርስ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2002 ለስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው በእነዚሁ ደኖች ላይ ነበር። ጽሑፉ የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ምሳሌ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ደንን በመጠበቅ ረገድ ያላትን ዕድልና ያለባትን ችግር ፈተሸ። የማስተርሱ ጥያቄ በዚያ አልቆመም፤ ሰፍቶና ጠልቆ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ ሆነ።

የዶክትሬቱ አንደኛው ክፍል ሰፊ ቆጠራ ነው። በዞኑ የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተመረጡ፤ ገላውዴዎስና ደብረ ሰና ከእነዚህ መካከል ናቸው። ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ሲሆን የሚገኙበት ከፍታም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ይደርሳል። በየደኑ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆኑ የናሙና ቦታዎች ተከልለው በውስጣቸው ያሉት እንጨታማ ዕፅዋት ተለዩ፣ ተቆጠሩ፣ ተለኩ። በድምሩ 168 እንጨታማ ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ ከእነዚህም ጥቂቱ እንደ ባሕር ዛፍ ከውጭ የመጡ ናቸው።

ትንታኔው ሁለት ነገሮችን ለየ። በየትኛው ደን ውስጥ የትኛው ዝርያ እንደሚገኝ በዋናነት የሚወስነው ከፍታ ነው። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ከጣና ዳር ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ዕፅዋቱም ይለወጣል። በተቀራረበ ከፍታ ላይ ባሉ ደኖች መካከል ለሚታየው ልዩነት፣ በተለይም ለደኑ አቋምና ለተተኪ ችግኞች ሁኔታ፣ ትልቁን ድርሻ የያዙት ግን የከብት መግባትና የእንጨት ቆረጣ ናቸው። ከፍታን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ከብትን ግን መመለስ ይቻላል። ጥናቱ ከቆጠራ ወደ ሂደት የተሻገረው እዚህ ላይ ነው።

የማይታይ ዕዳ

ቆጠራ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት የዛፍን ዕድሜ ማሰብ ያሻል። ጽድ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊኖር ይችላል። አንድ የጽድ ደን ዛሬ ችግኝ ማፍራቱን ፈጽሞ ቢያቆም ትልልቆቹ ዛፎች ለብዙ ትውልድ ቆመው ይቆያሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቆጣሪ በመጣ ቁጥር «ጽድ አለ» ብሎ ይመዘግባል። መዝገቡ እውነት ነው፤ የሚሰጠው ተስፋ ግን ሐሰት ነው።

ዴቪድ ቲልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ይህን የመሰለውን ሁኔታ «የመጥፋት ዕዳ» በሚል ስም ገልጸውታል። መኖሪያው ሲጠብና ሲቆራረጥ ዝርያው ወዲያው አይጠፋም፤ መጥፋቱ ግን ተወስኗል፣ የሚቀረው የመክፈያው ቀን ነው። ዕዳው እስኪከፈል ባለው ጊዜ ውስጥ ሁኔታው ከተስተካከለ ዝርያው ይድናል። ስለዚህ የተመራማሪው ሥራ ዕዳውን ቀድሞ ማየት ነው።

ዕዳውን ለማየት የሚያገለግለው የመጀመሪያው መሣሪያ የመጠን ስርጭት ነው። ዛፎቹ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ባላቸው ውፍረት በየመደቡ ይከፋፈላሉ፤ ችግኞችና ለጋ ዛፎችም ለብቻ ይቆጠራሉ። ራሱን በሚተካ ዝርያ ውስጥ ቀጫጭኖቹ እጅግ ብዙ፣ ወፋፍራሞቹ ጥቂት ይሆናሉ፤ ሥዕሉም እንደተገለበጠ የላቲን «ጄ» ፊደል ይመስላል። በተቃራኒው ወፋፍራም ዛፎች ኖረው ቀጫጭኖቹ ከጎደሉ ስርጭቱ አባትና እናት ኖረው ልጅ የሌለበትን ቤት ይመስላል።

ሆኖም ይህም መሣሪያ የራሱ ወሰን አለው። የመጠን ስርጭት ችግኝ መጉደሉን ያሳያል እንጂ ለምን እንደጎደለ አይናገርም። ዛፉ ዘር ስላላፈራ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ተበልቶ፣ በአፈር ውስጥ በስብሶ፣ ወይም በቅሎ በከብት ተረግጦ ሊሆንም ይችላል። ለእያንዳንዱ ምክንያት መፍትሔው የተለያየ ነው። ዘር ላጣ ደን አጥር ቢታጠርለት ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ በከብት ለሚጠቃ ደንም ዘር ቢዘራለት ለከብቱ ግጦሽ መጨመር ነው።

ከዘር እስከ ችግኝ ያለው ሰንሰለት

በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የዘርን ጉዳይ በጥልቀት ካጠኑት መካከል ደመል ተክታይ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የደረቅ ደጋማ ደኖችን የዘር ሥነ ምኅዳርና ተፈጥሯዊ እድሳት የሚመለከት ነበር። ኋላ ላይ ከዓለማየሁ ዋሴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት መረመረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል።

የምርመራው ዘዴ ለመግለጽ ቀላል፣ ለመሥራት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ከደኑ ወለል ላይ ወዳቂው ቅጠል፣ ከሥሩም አፈሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት በንብርብር ይወሰዳል። እያንዳንዱ ንብርብር በየብቻው በሰሐን ተዘርግቶ በዕፅዋት ማብቀያ ቤት ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ የበቀለው ሁሉ እየተለየ፣ እየተቆጠረና እየተነቀለ ለወራት ክትትል ይደረግበታል። በዚህ መንገድ አፈሩ የደበቀውን ይናገራል።

ከቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር የተገኘው መልስ አሳሳቢ ነበር። ከበቀሉት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ሣርና አረም መሰል ዕፅዋት ሲሆኑ በደኑ ጣራ ላይ የገነኑት ዛፎች ግን በአፈሩ ውስጥ ያላቸው ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ደኑ ቢመነጠር አፈሩ አረም ይመልሳል እንጂ ደኑን አይመልስም ማለት ነው። የአብዛኛው ዛፍ ተስፋ ያለው በአፈሩ ሳይሆን በእናት ዛፉ ላይ ነው፤ እናት ዛፉ ስትወድቅ ተስፋውም አብሮ ይወድቃል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ዘሩ የት ይገባል?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ የተፈለገው ዘርን በደኑ ወለል ላይ አኑሮ በመከታተልና በአፈር ውስጥ ቀብሮ በየጊዜው እያወጡ የመብቀል አቅሙን በመፈተሽ ነው። በወለሉ ላይ የቀረው ዘር በአብዛኛው የተባይና የዘር በል እንስሳት ሲሳይ ሆነ። ከተቀበሩት ውስጥ የጽድ ዘር ከዓመት በኋላም የመብቀል አቅሙን ጠብቆ ሲገኝ የሌሎቹ ግን በጊዜ ርዝመት በእጅጉ ወረደ። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ዘር ከዛፍ ወርዶ እስኪበቅል ያለው ጊዜ አጭርና አደገኛ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ዝናብ፣ ጥላና ምቹ አፈር ካላገኘ የዓመቱ ምርት ከንቱ ይቀራል።

ከብት፣ አጥርና የድንጋይ ግንብ

ከሰንሰለቱ የመጨረሻው ቀለበት የበቀለው ችግኝ ዕጣ ፈንታ ነው። በዚህ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሙከራ ለንድፉ ሲባል እንኳ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። አራት ዝርያዎች ተመረጡ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል። ሙከራው በደኑ ውስጥና ከደኑ ውጭ ባለው ገላጣ መሬት ተካሄደ፤ በሁለቱም ቦታ የታጠሩና ያልታጠሩ መደቦች ነበሩ።

የዚህ ንድፍ ብልሃት ሁለት ምክንያቶችን መለየቱ ነው። ከደን ውጭ ችግኝ የማይታየው በፀሐይና በድርቀት ነው ወይስ በከብት? ሙከራው የታጠሩና ያልታጠሩ መደቦችን በደን ውስጥ ብቻ ቢያነጻጽር ኖሮ ስለ ገላጣው መሬት ምንም ባልተናገረ ነበር። ደንንና ገላጣ መሬትን ያለ አጥር ብቻ ቢያነጻጽርም የከብቱና የድርቀቱ ተጽዕኖ ተቀላቅሎ ይቀር ነበር። አራቱ ሁኔታዎች በአንድነት ሲታዩ ግን እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱን ድርሻ ይገልጣል። ውጤቱ ግጦሽ በችግኞች ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ከብትን መከልከልም ደኖቹን ለማቆየትና ወደ ዙሪያቸው እንዲስፋፉ ለማገዝ ወሳኝ የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑን አመለከተ።

ይህ ግኝት በመደርደሪያ ላይ አልቀረም። ዓለማየሁ ዋሴ በዛፎች አናት ላይ በሚኖረው ሕይወት ጥናት ከምትታወቀው አሜሪካዊት ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ጋር በመተባበር ከካህናትና ከምእመናን ጋር ምክክር ተደርጎ በበርካታ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ የሚለቀም በመሆኑ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፣ ቤተ ክርስቲያኗም ቅጥር ታገኛለች። ቅጥር በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የታወቀ ነገር መሆኑም ሐሳቡን ባዕድ እንዳይሆን ረድቶታል። አዲሱ ነገር ቅጥሩ ከሕንፃው ዙሪያ ወጥቶ ደኑን እንዲያቅፍ መደረጉ ነው።

ግንብ ግን ሁሉን አይፈታም። ካተሪን ካርደለስ ከአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቿ ጋር በደቡብ ጎንደር ደኖች ባካሄደችውና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት በደኖቹ ውስጥ የሚገኙ መንገዶች፣ የተመነጠሩ ሥፍራዎች፣ መቃብሮች፣ ሕንፃዎችና ከውጭ የመጡ ተክሎች የደኖቹን ጤንነት እንደሚጎዱ ታይቷል። እነዚህ ከግንቡ ውስጥ የሚሆኑ ነገሮች ናቸው። በተጨማሪም ግንቡ የሚቆምበት መስመር ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በዛፎቹ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ የቆመ ግንብ ያለውን ይጠብቃል፣ ለመስፋፋት ግን ቦታ አይሰጥም፤ ከጠርዙ ራቅ ብሎ የቆመ ግንብ የጠፋውን የቁጥቋጦ መሸጋገሪያ መልሶ ሊያስገኝ ይችላል፣ ነገር ግን የማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ይጠይቃል። ይህን የሚወስነው ሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኗ ጎን ማሳ ያለው ገበሬ ፈቃድ ጭምር ነው።

አንድ ደን ወይስ ብዙ ደኖች?

ከእነዚህ ጥናቶች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚወሰደው ትምህርት በመጀመሪያ ስለ ናሙና ነው። በማስተርስ ደረጃ የተለመደው አካሄድ አንድ ደን መርጦ በውስጡ ብዙ የናሙና ቦታዎችን መከለል ነው። ይህ አካሄድ ስለዚያ አንድ ደን ብዙ ሊናገር ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ድምዳሜው ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች በጠቅላላ ሲሆን ነው። ስቱዋርት ሀርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 «የሐሰት ድግግሞሽ» በሚል ባሳሰበው መሠረት በአንድ ደን ውስጥ የተከለሉ ሃምሳ መደቦች ሃምሳ ደኖች አይደሉም። ጥያቄው ስለ ደኖች ከሆነ የሚቆጠረው የደኑ ቁጥር ነው፤ ጥያቄው ስለ አጥር ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው በየራሳቸው የታጠሩት ቦታዎች ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ንጽጽር ነው። ግንብ ያላቸውንና የሌላቸውን ደኖች ማወዳደር ለማስተርስ ሥራ የሚመች ርእስ ይመስላል። ይሁን እንጂ ግንብ በዕጣ አልተሠራም። ግንብ የተሠራላቸው ደኖች ምእመናኑ የበለጠ የተጉባቸው፣ መንገድ የደረሰላቸው ወይም ቀድሞውኑ በተሻለ ሁኔታ ላይ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ በግንቡ ውስጥ የታየው የችግኝ ብዛት የግንቡ ውጤት ነው ወይስ ግንቡን ያሠራው ትጋት? ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ጉብኝት መለየት አይቻልም። መፍትሔው ግንቡ ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ፣ ግንብ ባልተሠራለት ተመሳሳይ ደን ጎን ለጎን መለካት ነው። ይህ ካልተቻለም በየደኑ ውስጥ ትንንሽ አጥሮችን በዕጣ ማሠራጨት የምክንያቱን ጥያቄ በተሻለ ይመልሳል።

የሁለት ዓመት ጥናትና የመቶ ዓመት ዛፍ

ሦስተኛውና ከባዱ ትምህርት ስለ ጊዜ ነው። የማስተርስ ትምህርት ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ለመስክ ሥራ የሚተርፈው ከዚያ ውስጥ ጥቂት ወራት ነው። በክረምት ማብቂያ ወደ ደን የገባ ተማሪ ወለሉን በችግኝ ተሸፍኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ያው ተማሪ በበጋው መጨረሻ ቢመለስ የሚያገኘው ሌላ ነው። በመስከረም የተቆጠረ ችግኝ የመብቀል ማስረጃ ነው፤ የመተካት ማስረጃ የሚሆነው ቢያንስ አንድ በጋ ሲሻገር ነው። በመሆኑም የቆጠራው ወር በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ካልሰፈረ ሁለት ጥናቶችን ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

ጊዜን ለማራዘም አንድ ተማሪ ብቻውን አቅም የለውም፤ ተከታታይ ተማሪዎች ግን አላቸው። የናሙና ቦታው አራት ማዕዘናት በማይነቀል ምልክት ተለይተው አቀማመጣቸው ቢመዘገብ፣ እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ያለው መለያ ቢታሰርበት፣ ጥሬ መረጃውም በትምህርት ክፍሉ ቢቀመጥ ቀጣዩ ተማሪ ከባዶ አይጀምርም። የመጀመሪያው ተማሪ ቆጥሮ ይመረቃል፤ ሁለተኛው የሞቱትን ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ለምን እንደሞቱ ይጠይቃል። በዚህ ሁኔታ አምስት የማስተርስ ጽሑፎች ተደምረው አንድም ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን የዐሥር ዓመት ክትትል ይሆናሉ። እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለ ከደኖቹ አጠገብ የሚገኝ ተቋም በዚህ ረገድ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ የማያገኘው ዕድል አለው፤ በየዓመቱ፣ በበጋም በክረምትም፣ ወደ ደኑ መመለስ ይችላል።

ለዚህ ቀጣይነት የቤተ ክርስቲያኗ ድርሻ ከዩኒቨርሲቲው አያንስም። ምልክቱ እንዳይነቀል፣ መደቡ እንዳይቆፈር የሚጠብቁት ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው ናቸው። ፈቃድ ሲጠየቅ የጥናቱ ዓላማ ብቻ ሳይሆን የሚቆይበት ዘመን ጭምር ሊነገራቸው ይገባል። ጥናቱ ሲያበቃም ውጤቱ በአማርኛ፣ በጥቂት ገጽ ተጽፎ ቢሰጣቸው «በደናችሁ ውስጥ ይህን ያህል ወይራ አለ፣ ከወይራው ግን ይህን ያህል ዓመት ልጅ አልተገኘም» የሚለው ቃል ውሳኔ ወደሚሰጡት ሰዎች ይደርሳል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ ምክረ ሐሳብ አንድም በሬ ከደን አይመልስም።

ማጠቃለያ

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ቆጠራን አልናቁም፤ በቆጠራ ጀምረው ከቆጠራ አልፈዋል። ዝርዝሩ የትኞቹ ዝርያዎች እንዳሉ አሳወቀ፤ የመጠን ስርጭቱ የትኞቹ ተተኪ እንዳጡ ጠቆመ፤ የዘርና የአፈር ምርመራው ሰንሰለቱ የት የት እንደሚላላ ለየ፤ የአጥሩ ሙከራ ደግሞ ሰው ሊለውጠው የሚችለውን ምክንያት አሳየ። ግንቡ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ2002ቱ የማስተርስ ጽሑፍ እስከ ድንጋዩ ግንብ ያለው መንገድ የተሠራው እያንዳንዱ መልስ ቀጣዩን ጥያቄ እንዲወልድ በመደረጉ ነው።

የቀረው ሥራ ከተሠራው ይበልጣል። ግንብ በተሠራላቸው ደኖች ውስጥ የበቀሉት ችግኞች ስንቶቹ ለዛፍነት እንደሚበቁ ገና በዓመታት ክትትል የሚታወቅ ነው። የጠፋው የቁጥቋጦ መሸጋገሪያ ተመልሶ ይበቅል እንደሆነ፣ ተለያይተው በቆሙት ደኖች መካከል ወፎች ዘር ያዛምቱ እንደሆነ፣ በደጋው ጫፍ ላይ ያሉት ደኖች ሙቀት ሲጨምር ምን እንደሚሆኑ መጠየቅ ያለባቸው ዛሬ በመስክ ላይ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ መለያ የታሰረበት አንድ የወይራ ችግኝ ዛፍ ሆኖ ሲቆም መለያውን ያሰረው ተማሪ ላያየው ይችላል። የመለያው ቁጥር በመዝገብ ካለ ግን ሌላ ተማሪ ያየዋል።